አክስቴና የመዝገብ ቤቱ አቧራ

አክስቴ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነበር። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ከአላፊ አግዳሚው የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። የብረት መደርደሪያዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ በፋይል ታጭቀዋል። ባለጉዳይ መጥቶ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ አክስቴ መሰላሏን መጎተት ትጀምራለች። "ሦስተኛው መስመር፣ ከላይ ሁለተኛው፣ ጀርባው የተቀደደው" ትላለች ለራሷ። ስንት አለቃ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ ሁሉም "እሷ አንድ ቀን ከቀረች መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይጠፋል" ይሉ ነበር።

አስም እንዳለባት ግን ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

ሕመሙ የጀመራት በሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ክፉ ሰው አልነበረችም። ልጇን ትንፋሽ ሲያጥራት ትከሻዋን ደግፋ ታስቀምጣታለች፣ ጀርባዋን ታሻታለች፣ አብራት ታለቅሳለች። ሲያልፍላት ግን "ለሰው እንዳትናገሪ ልጄ፤ ትንፋሽ የሌላትን ሴት ማን ያገባል?" ትላታለች።

አክስቴ ይህን ምክር የጣሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሃያ አራት ዓመቷ አንድ ቀያሽ ሊያገባት ቀን ተቆርጦ ነበር። ደብቆ ማግባት ማታለል መስሎ ስለታያት ነገረችው። እሱ "ምን አለበት?" አላት። ቤተሰቦቹ ግን በሽታው ዘር ላይ ይወርዳል ብለው አንገራገሩ። ሰውየው በየሁለት ቀኑ ይመጣ የነበረው በሳምንት፣ ከዚያ በወር ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። አክስቴ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ሰኞ ጠዋት ሥራዋ ገባች። ከዚያ ወዲህ አፏን ለጎመች።

ፓፏን፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት፣ በጋውኗ ውስጠኛ ኪስ ትይዛለች። ደረቷ ሲጨንቃት ወደ መጨረሻው መደርደሪያ ኋላ ትሄድና ነፍታ ትመለሳለች። ሳሏን የሰማ ሰው ሲጠይቃት "ጉንፋን ነው" ትላለች። በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ተረበኛ ነበር።

"እኛ ሁላችን ጡረታ ልንወጣ ነው፤ ያንቺ ጉንፋን ግን እስካሁን ቋሚ ሠራተኛ ነው" ይላታል።

እሷም አብራው ትስቃለች፤ ሳቁ ደግሞ ሳሉን ይቀሰቅስባታል።

ጤና ጣቢያ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰጥተዋት ነበር። አንደኛው ሲያፍናት የምትነፋው ነው። ሁለተኛው ቢያማትም ባያማትም ጠዋትና ማታ የምትወስደው ነው። ይህን ሁለተኛውን ሲብስባት ትጀምረዋለች፣ ሲሻላት ትተወዋለች። "ደህና ሆኜ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል? ሱስ ይሆንብኛል" ትል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ እንዲዛወር ተወሰነ። ፋይሉ ሁሉ ወርዶ፣ አቧራው ተራግፎ በካርቶን ይታሸግ ተባለ። ኃላፊው ምድር ቤት ድረስ ወርደው "ከእርስዎ በቀር ማን ያውቀዋል?" ሲሏት ደስ አላት። እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ምን ምክንያት ትሰጣለች?

በመጀመሪያው ቀን አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ ሠራች። በሁለተኛው ቀን አራት ጊዜ ወደ መደርደሪያው ኋላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት እጅ ያልነካው የፋይል እስር ከላይ ወርዶ ተዘረገፈ። አቧራው ክፍሉን ሞላው። አክስቴ እየተንገዳገደች ሄዳ ፓፏን አፏ ውስጥ ጨመረችና ተጫነችው። "ትስስ" የሚል ድምፅ አወጣ። ደገመችው፤ አሁንም ያው ድምፅ። መድኃኒቱ አልቆ የሚወጣው ባዶ አየር ብቻ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

ዘበኛው የካርቶን ገመድ ይዞ ሲገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

"ምነው? ወደቅሽ እንዴ?"

ልትመልስለት ብትሞክር አንድ ቃል የሚያወጣ ትንፋሽ አልነበራትም። እጇን ዘርግታ ፓፉን አሳየችው።

"አስም? አንቺ?" አለ። ከዚያ ቀልዱም ጠፋበት። ሊያስተኛት ሲል በእጇ ገፋችው፤ መተኛት ይብስባታል። አዝሎ ደረጃውን አወጣትና ካርቶን በሚጭነው መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀመጣት። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ሆስፒታል አደረሳት።

እኔና እናቴ ስንደርስ የኦክስጅን ጭንብል አድርገውላት ነበር። በማግስቱ ጠዋት መናገር ስትችል ሐኪሟ፣ ወጣት ሴት ናት፣ አጠገቧ ተቀመጠች።

"የአየር ቧንቧዎ ውስጡ አብጧል። ሲጨንቅዎት የሚነፉት የጠበበውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አያጠፋም። የሚያጠፋው ያ ሲሻልዎት የሚተዉት ነው።"

"ሱስ አይሆንም?"

"ምሳ ሱስ ሆኖብዎታል? በየቀኑ ይበሉ የለ?" አለችና ሥራዋን ጠየቀቻት።

"ወረቀት" አለች አክስቴ።

እናቴ ይህን ጊዜ ፈነዳች። "አቧራ ነው በያት እንጂ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርን ያንን የደረትሽን ፉጨት የማልሰማ መሰለሽ?"

"ትሰሚ ኖሯል?" አለች አክስቴ በቀስታ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "እናታችን አትንገሪ ብላኝ ነበር። እኔንም" አለች። ሁለቱ እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው አለቀሱ፤ ሐኪሟ ቀስ ብላ ወጣች።

ወደ ሥራ በተመለሰችበት ቀን አክስቴ ኃላፊው ቢሮ ገባች። እባረራለሁ ብላ ዕቃዋን በከረጢት ሰብስባ ነበር። "ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። አቧራ ውስጥ መግባት አልችልም" አለቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህን ሁሉ ዓመት?" አሉ። አላባረሯትም፤ ፎቅ ላይ ደብዳቤ መቀበያ መስኮት ጋ መደቧት።

በመጀመሪያዎቹ ወራት አዲሶቹ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ስልክ ይደውሉላት ነበር። ዓይኗን ጨፍና የፋይሉን ቦታ ትመራቸዋለች። ቀስ በቀስ አደራደሩን በራሳቸው መንገድ ለወጡት፤ ስልኩም ቆመ። ከሆስፒታሉ ቀን ይልቅ ይህ ከበዳት። ለወራት ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው ፊቷ ጠቆረ።

መድኃኒቷን ግን ጠዋትና ማታ አላቋረጠችም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለምርመራ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ የትንፋሽ ኃይል በሚለካ ትንሽ ቱቦ አስነፍታ ቁጥሩን አየች። በጣም እንደተሻላት፣ ሳንባዋ ግን ሙሉ በሙሉ እንደ ጤነኛ ሰው እንደማይሆን ነገረቻት።

"በሃያ ዓመቴ ጀምሬው ቢሆንስ?" አለች አክስቴ።

ሐኪሟ ቱቦውን አስቀመጠች። "እንደ ማንኛውም ሰው ይኖሩ ነበር" አለቻት።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ብዙ መንገድ ሄድን። አክስቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። የእኔ የአምስት ዓመት ልጅ ከክረምቱ ጀምሮ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ አስም መሆኑም ተነግሮኛል።

"ትምህርት ቤቷ ያውቃል?" አለችኝ ድንገት፣ ፊቷን ሳታዞር።

"ገና አልነገርኳቸውም" አልኩ። አንገቴን ደፋሁ።

"ለምን?"

ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራዋ አስፈቅዳ ቤቴ መጣች። ልጄን በአንድ እጇ፣ የልጅቷን መድኃኒት በሌላው ይዛ ከፊት ከፊቴ ሄደች። የልጄን መምህርት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘናት። አክስቴ ሰላምታ እንኳ ሳታስረዝም "ይቺ ልጅ አስም አለባት፤ ሲያፍናት ምን እንደሚደረግ ላሳይሽ" አለቻት፤ አጠገባችን የቆሙት ወላጆች ሁሉ እየሰሙ።