በቅል ውስጥ የበራ ቀይ መብራት

ይርዳው ሁለት የፊት ጥርሶቹን ያጣው «ካውያህን ንቀል» በማለቱ ነው። መተማ ውስጥ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የምንጠቀምበት ግቢ አለን። ኃይል ሲበዛበት ብሬከሩ ይወርዳል። የብሬከሩን ሳጥን የቆለፈው አከራያችን ደግሞ ኮኪት ያለው እርሻው ላይ ነው፤ እሱ እስኪመጣ በዚያ ሐሩር የጎረቤታችን የዘምዘም ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ይበላሻል። ስኳር አለባት። ልብስ ሰፊው ደረበ ይህን እያወቀ ነው ይርዳውን ቡጢ ያቀመሰው።

ይርዳው የቬንትሌተር ሞተር ሽቦ ጠምጣሚ ነው፤ ጠብ አይችልም። ጥርሱን ተፍቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ቁጭ ብሎ ቅል በሳ። መብራት ከተተበትና ከዋናው መስመር ጋር አያያዘው። ግቢው ጥቂት ኃይል ሲወስድ ነጭ ነው፤ ሲበዛ ቀስ እያለ ወደ ቀይ ይሄዳል።

«ጩኸት ሰው ያናድዳል» አለን። «ይሄ ዝም ብሎ ይነግራቸዋል።»

ሁሉም ከየበሩ እንዲያየው የውጭው በር ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ማማሩ!

ያላሰብነው ምን መሰላችሁ? ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ በሩ ላይ ቀይ መብራት ያለው ቤት መጠጥ ቤት ነው። በመጀመሪያው ምሽት ደረበ ካውያውን ሰካ፣ ጎረቤቱ አየሁሽ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን አበራች። ቅሉ ደም መሰለ። አጫጆች ሽመላቸውን ይዘው ገቡ።

«እሜቴ፣ አረቄ ቅጅልን» አላት አንዱ ጎጃሜ ዘምዘምን።

«መጠጥ የለም። ኸላስ፣ በቃ ውጡ።»

«ታዲያ ቀዩን ለጌጥ ነው የሰቀላችሁት?» ብሎ ክንዷን ጨመደደ።

ደረበ የጋለ ካውያውን ነቅሎ ወጣና የጎጃሜው ትከሻ ላይ ለጠፈበት። ሥጋው ጨሰ። ከዚያማ ሽመል ነው። የደረበ ግንባር ተፈነከተ፤ የይርዳው ክንድ ቀጭ ሲል ሰማሁት። አየሁሽ የፈላ ሽሮ አንስታ የአጫጆቹ ፊት ላይ ደፋችባቸው። እየደሙ፣ እየተሳደቡ ወጡ።

መሬት ላይ የተዘረረው ይርዳው ቀና ብሎ ቅሉን አየ። «ነጣ» አለ። ካውያው በመነቀሉ ብሬከሩ አልወረደም። ዘምዘም ሮጣ ፍሪጁን ከፈተች፤ ብልቃጡ ቀዝቃዛ ነው።

«አረንጓዴ አድርገው» አለው ደረበ በማግስቱ፣ ግንባሩ እየተሰፋ።

«ፋርማሲ ነው ብለው ይመጡብናል።»

አሁን ምልክቱ መብራት የለውም፤ ግቢ ውስጥ የተሰቀለ የጅግራ ላባ ነው። በትንሽ ሞተር ይዞራል፣ ኃይል ሲበዛ ይፈጥናል። ትናንት ሲፈጥን ደረበ ቡጢውን ጨብጦ የአየሁሽ በር ላይ ቆመ።

«ምድጃሽን አጥፊ።»

«አልለኮስኩም። ያንተ ካውያስ?»

ሄዶ ነቀለው። ከዚያ በኋላ ነው የራሱን በር በርግጫ የመታው።