ሠርኬ ያልተረጎመችው መልስ

ሠርኬና እታገኝ ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አብረው ማስተማር ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠርኬ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ እታገኝ የአንደኛ ክፍል አማርኛ ያስተምራሉ። ከሥራ ሲወጡ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በእህል በረንዳ ያቋርጣሉ፤ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲመጣባቸው እንኳ ሳይላቀቁ ነው ጥግ የሚይዙት። ሠርኬ አላገባችም። የምትኖረው ከወንድሟ ቤተሰብ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ስለሆነ የልቧን የምታወራው በዚያች የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ብቻ ነበር።

ጥቅምት ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ አሸብር መምህራኑን ሰበሰቡ። ለባህል ልውውጥ ከውጭ አገር ሁለት ወጣት ተለማማጆች እንደሚመጡ፣ ለስምንት ሳምንት እንግሊዝኛና ሥዕል በማስተማር እያገዙ እንደሚቆዩ ነገሯቸው። «ለአንደኛዋ ፔንሲዮን ተይዟል። ሁለተኛዋን ቤቱ የሚቀበል ሰው እንፈልጋለን» አሉ።

ሠርኬ እጇን ልታነሳ ፈለገች። ወዲያው የወንድሟ ልጆች መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው መተኛታቸው ታወሳትና ተወችው። እጇን ያነሳችው እታገኝ ናት። ልጇን ከዳረች ወዲህ አንዱ ክፍል ባዶውን ነበር።

«እንግሊዝኛውን እንዴት ልትሆኚው ነው?» አለቻት ሠርኬ ሲወጡ።

«አንቺ እያለሽልኝ?» ብላ ሳቀች እታገኝ።

እንግዳዋ ዴዊ ትባላለች፤ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ኢንዶኔዥያዊት። በመጀመሪያው ሳምንት ሠርኬ መሀል ሆና የአንዷን ለአንዷ እየተረጎመች ሦስቱም አብረው ይሄዱ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዴዊ የእታገኝን ክንድ ያዘች። መንገዱ ለሦስት ስለሚጠብ ሠርኬ ከኋላ ቀረች። ከፊቷ ያሉት በእጅ በዓይን እየተግባቡ፣ እሷ ሳትተረጉምላቸው ይሳሳቃሉ።

እታገኝ ለእንግዳዋ ያልሆነችው የለም። ዴዊ ሙስሊም ስለሆነች ሥጋ ሲያምራት ጎረቤቷ ዘኪያ ዘንድ ታስበስልላታለች። አንድ ቅዳሜ ሸማ ተራ ወስዳ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ገዛችላት። ሠርኬ ይህን የሰማችው ሰኞ ከተማሪዎች አፍ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ለእሷ ነጠላ ተገዝቶላት አያውቅም። እንዲህ ማሰቧ አሳፈራት፤ ማሰቡን ግን አልተወችም።

በአራተኛው ሳምንት፣ አርብ በምሳ ሰዓት፣ ሦስቱም በመምህራን ክፍል ተቀምጠው ሳለ ዴዊ ወደ ሠርኬ ዞረች።

«እባክሽ አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለች በእንግሊዝኛ። «ቤቷ መቆየቴ አስቸግሯት ይሆን? ይህን በምልክት መጠየቅ አልቻልኩም።»

ሠርኬ አንድም ቃል ሳትቀንስ ጠየቀችላት።

«ምን ማለቷ ነው?» አለች እታገኝ። «ልጄ ከወጣች ወዲህ ቤቴ ሰው ሰው የሸተተው አሁን ነው። የምቸገረው ብትሄድብኝ ነው በያት።»

ሠርኬ ወደ ዴዊ ዞረች። «ትወድሻለች። ግን ደክሟታል። ይሉኝታ ይዟት ነው የማትነግርሽ» አለቻት።

ዴዊ ተነስታ እታገኝን አቀፈቻት፤ እታገኝም አጥብቃ አቀፈቻት። አንዷ መሰናበቷ ነበር፣ ሌላዋ አልገባትም።

ሰኞ ዴዊ አቶ አሸብርን አስፈቅዳ ጓደኛዋ ያለችበት ፔንሲዮን ገባች። ሠርኬና እታገኝ ለብቻቸው ወደ ቤት ሄዱ። ሠርኬ ይህን ቀን ስትናፍቅ ነበር። እታገኝ ግን እህል በረንዳ እስኪደርሱ ወደ ኋላ እየዞረች ታይ ነበር።

«ምን አጎደልኩባት?» አለች በመጨረሻ። «ምግቡ ይሆን? ቋንቋዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ምንም አላለችሽም?»

«ልጅ አይደለች? ከእኩያዋ ጋር መሆን አምሯት ነው» አለች ሠርኬ።

በማግስቱም ያንኑ ጠየቀቻት፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ሠርኬ መሸከም አቃታት።

«ያልሽኝን አልነገርኳትም። ደክሟታል ነው ያልኳት።»

«ለምን?»

«ቀናሁ።»

እታገኝ ክንዷን አላቀቀች። ቁጣ የለም፣ ስድብ የለም። «ነገ ያልኩትን እንዳልኩት ትነግሪያታለሽ» አለች።

በነጋታው ሠርኬ ለዴዊ ሁሉንም ነገረቻት፤ የገዛ ውሸቷንም ጭምር። ዴዊ በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወደ እታገኝ ቤት ተመለሰች። ልትሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ነበር። ኤርፖርት ስትሸኝ ሠርኬን የጠራት የለም።

ዛሬ ሠርኬና እታገኝ ሰላም ይባባላሉ፣ አልፎ አልፎም ሻይ አብረው ይጠጣሉ። ዴዊ በስልክ የድምፅ መልእክት ስትልክ ግን እታገኝ የምታስተረጉመው ወጣቷን የኮምፒውተር መምህርት ሶሊን ነው። በእረፍት ሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ያዳምጣሉ። ሠርኬ ከወዲያ ማዶ ደብተር ታርማለች። ሶሊ አንዳንድ ቃል ትስታለች። ሠርኬ ትሰማለች፣ ትክክለኛው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ አንገቷን ደፍታ ወደሚቀጥለው ደብተር ታልፋለች።