የሴቶቹ በርና ርካሿ ካርድ

ያን ሰሞን መቀመጥ አቃተኝ። ቁጭ ስል አንድ ነገር ከውስጥ ይገፋኛል። ተነስቼ ጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ ቤት እሄዳለሁ፣ ልጄ እንጨት ወደሚሠራባት። በሩን ገፋ አድርጌ አያለሁ። ሳንቃው ማሽኑ ላይ በሞርሳ እንደተጠፈረ ተኝቷል። እመለሳለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደሞ እሄዳለሁ።

"እማማ፣ ሳንቃው እግር የለውም እኮ፣ የት ይሄድብዎታል?" ትለኛለች ምራቴ።

"እሱ የለውም፤ ያንቺ ልጆች ግን አላቸው" እላታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፣ የልጅ ልጄ፤ አንቺም እንደማወራው ጻፊው፣ አታሳምሪው።

እዚህ ሰበታ ስንገባ ግቢያችን ውስጥ አንድ ዋንዛ ነበር። ልጄ፣ ያንቺ አባት፣ ሕፃን ሆኖ ታሞ ሐኪሙ "እንግዲህ ጸልዩ" ሲለኝ፣ እሱን በጀርባዬ አዝዬ ዋንዛውን ተደገፍኩና "ይሄን ልጅ ማርልኝ፣ ይሄ ዛፍ ያንተ ይሁን" ብዬ ተሳልኩ። ልጁ ዳነ። ዛፍ ለሳንቃ እስኪደርስ ዕድሜ ይፈልጋልና ሁለቱም አብረው አደጉ። ኋላ መንገዱ ሲሰፋ ዛፉ ይቆረጥ ተባለ። ሰፈርተኛው ሲያዝንልኝ እኔ "ስለቴ ደረሰ" አልኩ። የደብራችን የሴቶች መግቢያ በር ቆርቆሮ ነበር፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር እየተንኳኳ ቅዳሴ ይረብሻል። ዋንዛው ለዚያ በር ይሁን ተባለ። ተሰነጠቀ፣ ደረቀ፣ በኮላ ተጋጠመ፣ አንድ ሰፊ ሳንቃ ወጣው። አንድ ብቻ። ቢበላሽ ከዚያ ዛፍ ሌላ የለም።

ልጄ የሚቀርጸው በእጁ አይደለም። ኮምፒውተር የሚያዘው ማሽን አለው። ስዕሉን ለኮምፒውተሩ ይሰጠዋል፣ ኮምፒውተሩ ማሽኑን ወዲህ ሂድ፣ ወዲያ ሂድ፣ ውረድ ይለዋል፣ ብረቱ እየተሽከረከረ እንጨቱን ይቦረቡራል። ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ይበናል። እና መስቀሉ በግማሽ፣ ሐረጉ በግማሽ እንደወጣ መብራት ሄደ። መጣ። ደሞ ሄደ። ሁለተኛ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጭስ ጭስ ሸተተና በቃ፣ ሞተ።

"ሳንቃውን አንሳውና ሌላ ኮምፒውተር ስትገዛ ትመልሰዋለህ" አልኩት።

"አይሆንም እማዬ። አንዴ ካነሳሁት እዚያው ቦታው ላይ ልክክ አድርጌ አልመልሰውም። ፀጉር ታህል ከዞረ አዲሱ ቅርጽ ካሮጌው ጋር አይገጥምም። እንዳይነካ።"

እንዳይነካ! ንግሡ እየደረሰ ነው። በደብሩ ቆርቆሮው ተነቅሎ የሴቶቹ በር በሸራ ተጋርዷል። ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት ይጠቁራል፣ የልጄ መሥሪያ ጣሪያ ያንጠባጥባል፣ ውሃ የጠጣ እንጨት ደሞ ያብጣል፣ ይጣመማል። እኔ ታዲያ እንዴት ልቀመጥ?

አዲስ ኮምፒውተር ገዛ፣ የሚያብለጨልጭ። ምራቴ እልል አለች። "ይሄንንማ ሰጋቱራ አይበላውም" ብላ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠችው፣ ዳንቴል አለበሰችው። ልጄም እሺ አለ፤ ያሮጌው ሆድ ሲከፈት እኮ የእንጨት ብናኝ ሞልቶት ነበር። ገመዱ በመስኮት ይወጣል፣ ግድግዳውን ይዞ ጓሮ ይገባል ተባለ። እኔም ደስ አለኝ። ዕቃ ሲከበር ደስ ይላል።

ችግሩ ሌላ ነው። ያሮጌው ኮምፒውተር ከኋላው ማሽኑ የሚሰካበት ሰፊ አፍ ነበረው፣ ባለ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ። ያሁኖቹ ይሄን አፍ ትተውታል። ልጄ መጀመሪያ ከሁሉ የረከሰውን ነገር፣ ባንድ ጫፉ ፍላሽ በሚሰካበት የሚገባ፣ በሌላ ጫፉ ሰፊ አፍ ያለው ገመድ ገዝቶ መጣ። ሰካው። ማሽኑ ጭጭ። ለካ ያ ገመድ የተሠራው ለወረቀት ማተሚያ ነው፤ ማሽን ማዘዝ አይችልም።

"ካርድ ነው የሚያስፈልገው" አለ። ካርድ የሚሉት መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት፤ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ትሻጥና ሰፊው አፍ በኋላ በኩል ብቅ ይላል። ቡራዩ ኮምፒውተር የሚፈታ የሚገጥም ነጋዴ ጋ ሄዶ ከካርዶቹ ሁሉ ርካሿን ይዞ ተመለሰ።

ልጄ እንጨት ከመንካቱ በፊት የማይተወው ልማድ አለው። የሚቆርጠውን ብረት ያወጣና በቦታው እስክሪፕቶ ያስራል። ከሳንቃው ጎን ቁራጭ ቺፑድ ላይ ወረቀት ይለጥፍና ማሽኑን ክብ ሣል ይለዋል። ክቡ ዞሮ መጥቶ የጀመረበት ነጥብ ላይ ከገጠመ፣ ማሽኑ የታዘዘውን ሁሉ እየሰማ ነው። ካልገጠመ አንዳንዱን ትእዛዝ እየዘለለ ነው።

አልገጠመም። እስክሪፕቶዋ ዞራ ዞራ መጣችና የራሷን መነሻ በጎን አለፈችው።

"ድገመው" አልኩት። ደገመው። አሁን ደሞ በሌላ በኩል ሳተች።

"ፀጉር ታህል እኮ ናት እማዬ። ማን ያያታል?"

"እኔ አያታለሁ። የተሳልኩለትም ያያታል።"

በማግስቱ አብሬው ቡራዩ ሄድኩ። ቤት ሆኜ ከምናጥ ታክሲ ውስጥ ብናጥ ይሻለኛል። ነጋዴው ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። "እናቴ፣ እርስዎም ማሽን ጀመሩ እንዴ?"

"ጀምሬ ነበር፣ ያንተ ካርድ አላሠራኝ አለ እንጂ።"

ሳቀ። "ርካሿን መርጦ ነዋ! እኔ ምን ላድርገው? ይቺን ይውሰድ፣ ጠንካራ ናት። ካልሠራችለት ሳይቧጭራት ይመልስ። ያቺን ርካሿን ግን አልቀበልም፣ እሷን እናንተው ጡሯት።"

ጠንካራዋ ገባች። እስክሪፕቶ ታሰረ። ክብ ሣል ተባለ። አልገጠመም። ያችኛዋ ከሳተችበት ብዙም ፈቀቅ ሳትል፣ እሷም ሳተች። ልጄ ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለው።

"እጀምራለሁ! በቃ! የተዛባውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግኩ አስተካክለዋለሁ። ንግሡ እኔን አይጠብቅም።"

ብረቱን ሊመልስ ሲያጎነብስ በርጩማዬን ጎትቼ ማሽኑና እሱ መሐል ተቀመጥኩ። ያን ሰሞን የተቀመጥኩት ያኔ ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ተነሺ።"

"መጀመሪያ እኔን ቅረጽ፣ ከዚያ ትጀምራለህ።"

ተያየን። ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ሱሉልታ እንደኔ ያለ ማሽን ያላቸው፣ ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ አሉ" አለ ቀስ ብሎ። "በር ነው የሚቀርጹት። ግን ገበያተኛ እንሻማለን፣ ይስቁብኛል።"

"ይሳቁብህ። ነገ እንሄዳለን።"

ሄድን። ከተማውን አቋርጠን፣ ታክሲ ቀይረን፣ ሌላ ቀይረን። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይገባል። ኦቦ በዕድሜ እኔን የሚያህሉ ሰው ናቸው፣ ከራስ ጸጉራቸው እስከ ጫማቸው ሰጋቱራ።

"አካም ጅርቱ፣ ሃዳ ኮ! እንደምን አሉ፣ እናቴ! ልጅዎ ስልክ ላይ ነገሩን አልነገረኝም፣ አፍሮ ነው መሰል" አሉኝ።

እኔው ነገርኳቸው፣ ስለቱንም፣ ሳንቃውንም፣ ክቡንም። እሳቸው ማሽናቸው ሥር ጎንበስ አሉና አንድ ካርቶን አነሱ። ከካርቶኑ ሥር ኮምፒውተራቸው! እሱም አቧራ በአቧራ። ሆዱን ከፈቱና ካርዷን በጣታቸው አሳዩን።

ልጄ ክው አለ። "ይቺማ ያቺው ርካሿ ናት!"

"ርካሿ ናት። ምን አጠፋች? ሦስት በር ነው ከዚህ የወጣው በዚህ ወር።" ወደ ልጄ ዞሩ። "አንተ ኮምፒውተሩን የት ነው ያስቀመጥከው?"

እኔ መለስኩ። "ሳሎን ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን።"

"ሳሎን?"

"ዳንቴልም አለው።"

ኦቦ ማሽኑን ተደግፈው ሳቁ፣ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ። "እንግዳ ነው እንዴ? ምሳስ ታቀርቡለታላችሁ?" ሲበቃቸው የእሳቸውን ገመድ አነሱልን፤ ከክንድ አይበልጥም። "ስማ ልጄ፣ ካርድ እንደ ሰው ድምፅ ናት። እኔ እዚህ ሆኜ ገበያ ያለ ሰው ብጠራ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ንፋስ ይወስደዋል። ድምፅህን ከምትለውጥ ጠጋ ብለህ ጥራ። ያንን የመስኮት ገመድህን ጣለውና ኮምፒውተሩን ከማሽኑ ጎን አድርገው።" ትርፍ ገመድ ፈልገው ሰጡት። ልጄ እጁን ኪሱ ሲከት ቆጣ አሉ። "ለስለት ነው አላሉም እንዴ እናትህ? እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ግን በሩ ሲቆም ጥሩኝ፣ ሐረጉን ማየት እፈልጋለሁ።"

ስንመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። የታክሲው ጣሪያ ላይ ሲወርድ የእኛ ጣሪያ ላይ የወረደ ይመስለኛል። ሹፌሩን "ቶሎ በል የኔ ልጅ" ስለው "እማማ፣ መንገዱ ሐይቅ ሆኗል፣ ጀልባ የለኝም" አለኝ። ዓለም ገና ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። ወርጄ በእግሬ ልሂድ አልኩ፣ ልጄ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ።

ቤት ስንደርስ ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ምራቴ ማሽኑ ጎን ቆማለች። የምግብ ጠረጴዛዋን ላስቲክ ሳንቃው ላይ ዘርግታለች፣ ከሚያንጠባጥበው ሥር ሳፋዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

"አልነካሁትም እማማ" አለችኝ፣ "ከላይ ነው ያለበስኩት።"

ሳፋውን ተቀበልኳት። ግንባሯን ሳምኳት።

ኮምፒውተሩን ከሳሎን ስናወጣ ግን ጮኸች። "ሰጋቱራው ይገድለዋል!" ልጄ የኦቦን ካርቶን ነገራት፣ አመነታች፣ ኋላ የጫማ ካርቶኖች ቆርጣ ራሷ ቤት ሠራችለት። ዳንቴሉን ግን መልሳ ቴሌቪዥኑ ላይ አደረገችው።

ልጄ ጠንካራዋን ካርድ ለመመለስ ጠቀለላትና ርካሿን ሻጠ። አጭሩን ገመድ ሰካ። እስክሪፕቶ አሰረ፣ ወረቀት ለጠፈ። ክብ ሣል።

እስክሪፕቶዋ ሄደች፣ ዞረች፣ መጣች፣ የራሷን ጭራ ነከሰች። "ድገመው" አልኩት። ደገመው። ከላዩ ላይ ሄደች፣ አንድ መስመር እስኪመስል። "ድገመው።"

"እማዬ፣ ወረቀቱ ተቀደደ እኮ!"

ከዚያ ብረቱን መለሰ። ሳንቃው ጥግ ላይ ያበጃትን ምልክት ፈልጎ መነሻውን ያዘ። ብረቱ ወደ አሮጌው ቦይ ሲወርድ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የእንጨቱን ሽታ ነው ያወቅኩት፣ ዋንዛዬን። ልጄ ማሽኑን አስቆመና እጄን ይዞ አመጣኝ። አውራ ጣቴን አሮጌው ቅርጽ ላይ አደረግኩና ወደ አዲሱ ሳብኩት። ጣቴን መንገድ ላይ ምንም አልያዘውም።

በሩ ለንግሡ ደረሰ። ኦቦም መጥተው ከውጭ ቆመው አዩት፣ ሐረጉን በጣታቸው ተከትለው "ሳሎን ያደገ አይመስልም" ብለው ልጄ ላይ ቀለዱበት። ሴቶቹ ሲገቡ መሐሉን መስቀል ይሳለማሉ። እኔ ከመስቀሉ በስተግራ፣ ሐረጉ ላይ፣ ያን ቀን መብራት የሄደበትን ቦታ እሳለማለሁ።