አራተኛው ብርጭቆ

ትናንት ቱሉ ዲምቱ ገበያ ጦስኝ ሸተተኝና ልቤ እንደዚያ ቀን ድው ድው አለ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ አቃቂ። ወንድሜ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቶ ኮርኒሳችን ውስጥ ተደብቋል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጋሽ ደምሴ ሊፈልጉት መጥተው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ስላስጨነቃቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

"ጦስኝ በዝንጅብል አፍይላቸው" አለችኝ እናቴ።

ብቻዬን ሻይ ሳፈላ የመጀመሪያዬ ነበር! በደስታ፣ ወንድሜንም እንደልማዴ ቆጥሬ አራት ብርጭቆ ቀዳሁ። ለዓይን የምንታየው ግን ሦስት ብቻ ነን።

እናቴ ደርቃ ቀረች። ጋሽ ደምሴ የራሳቸውን ፉት እያሉ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ደጋግመው አገሱና ተነሱ።

"እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ" አሉ በሩ ላይ ቆመው። "ያንን ደግሞ ሳይቀዘቅዝ አድርሺለት።"

ዛሬም ጦስኝ ሳፈላ አንድ ብርጭቆ ጨምሬ እቀዳለሁ።