ያልሞላኋቸው አራት ሳጥኖች

ሱሉልታ ላይ የገዛሁት ቆሎ በአሮጌ ጋዜጣ ቅዳጅ ተጠቅልሎ ነበር። ገና ትኩስ ስለነበር የገብሱና የቀለሙ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን መታኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ቆሎውን ኪሴ ገለበጥኩና ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ጥቁርና ነጭ ሳጥኖች፤ ወደ ጎን፣ ወደ ታች። የቃላት እንቆቅልሽ ነው። አንድ ሰው በእስክሪብቶ ጀምሮ ትቶታል።

ደሜ ፈላ። ሰው በአንድ የቆሎ መጠቅለያ ይናደዳል ወይ ትለኝ ይሆናል። እኔ ቁጣ የማበዛ ሰው አይደለሁም፤ ቡራዩ ሰፈሬ ሄደህ ብትጠይቅ ‘ያ ዝምተኛው ሽማግሌ’ ነው የሚሉህ። ይሄን ግን አርባ ምናምን ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

ያኔ ሰበታ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ። ሽመና ክፍል። የማሽኑ ጩኸት ከጆሮ አልፎ ጥርስ ውስጥ ይገባ ነበር። የጥጡ ብናኝ ቅንድባችን ላይ ሰፍሮ ሁላችንንም በሃያ ዓመታችን ሽማግሌ ያስመስለን ነበር። ትንሽ ዝም የሚባልበት ቦታ ሻይ ቤቱ ብቻ ነው። መስኮቱ ብናኝ ስለለበሰ ብርሃኑ እንደ ወተት ደፍረስ ብሎ ነበር የሚገባው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ካርቶን ተለጥፎ እናገኛለን። የክር ካርቶን ጀርባ ነው፤ ክሩን በምናጠነክርበት ስታርች ነው የሚለጠፈው። በማስመሪያ የተሰመሩ ሳጥኖች፣ ከሥራቸው ጥያቄዎች። ጥያቄዎቹ ባለጌ ነበሩ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እኛም የምንወዳቸው ለዚያው ነው። “ጠዋት ውሃ፣ ከሰዓት ውሃ፣ ዋጋው ግን የወተት፤ ሁለት ፊደል።” ሻይ አፍዪዋ ማንኪያዋን እንደያዘች ትጮሃለች፤ “የኔን ሻይ ነው! እዚሁ እየጠጣችሁ እኔኑ ትሰድቡኛላችሁ?” “ማሽን ሲቆም የሚጠፋ፣ ደሞዝ ሲደርስ ከሰልፉ ፊት የሚገኝ፤ አራት ፊደል።” መካኒኩ ራሱ ነው ተነስቶ ‘መካኒክ’ ብሎ የሚሞላው። ከሁላችንም በላይ የሚስቀውም እሱ ነበር፤ ጠረጴዛ እየደበደበ። ይሄን ሳቁን ያዝልኝ።

እርሳሱ በክር ታስሮ ካርቶኑ ጎን ይንጠለጠላል። የቻለ ይሞላል፣ ያልቻለ ይሰማል።

የሚሠራው ማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የሚናገር ግን አልነበረም። የመጋዘኗ ጸሐፊ ናት። ከኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ እትዬ ነበር የምላት። ቀጭን፣ አሽሟጣጭ፣ ሹራቧ እጅጌ ላይ ሁልጊዜ ቀይ እስክሪብቶ የምትሰካ ሴት። የታመመች እናቷን በዚያች ደሞዟ ነበር የምታኖረው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከፈረቃ ስወጣ መጋዘኑ ውስጥ የጥጥ እስር ላይ አስቀምጣ፣ “አንተ ልጅ፣ ይሄ ‘ቀ’ ነው ወይስ የተኛ ግመል?” እያለች። የጻፍኩትን በቀይ ታርምልኝ ነበር። ፈተና ሲደርስ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። “ባዶ ቦታ አትተው። የመሰለህን ጻፍ። ባዶ የተወ ወድቋል።”

ይቺን ቃል እንደ ጸሎት ነበር የያዝኳት። አለፍኩ፤ የምስክር ወረቀቴንም ተቀበልኩ። በማግስቱ ቅዳሜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ካርቶኑ ሥር የተጻፈውን ራሴ አነበብኩት።

አንድ መስመር ባዶ ነበር። “ሆዱ ከበሩ ቀድሞ ይገባል፣ ጆሮው ከግድግዳው ጀርባ ይቀራል፤ ሦስት ፊደል።”

አየህ፣ በየሳምንቱ አንድ መስመር ባዶ ይቀር ነበር። እኔ ማንበብ ስለማልችል አላስተዋልኩትም። ያቺ መስመር የፈረቃው አለቃ ናት። ሰው ሁሉ ያነባታል፣ ከንፈሩን ነክሶ ይስቃል፣ ያልፋል። ሰሙ ግድግዳ ላይ ይዋል እንጂ ወርቁን የሚያወጣ የለም። ባዶ እስከሆነች ድረስ አለቃው ራሱ መጥቶ ቢያያት ‘እኔ ነኝ’ ካላለ በስተቀር የሚጠይቀው ሰው የለውም። ይሄ ደንባቸው ነበር። ደንቡን ደግሞ ማንም አልነገረኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርማ።

እኔ ግን ትኩስ ፊደል ቆጣሪ፣ ባዶ ሳጥን ሳይ እጄን በላኝ። ይሄ ሁሉ አዋቂ ያቃተውን እኔ ልሞላ! እርሳሱን ሳብኩና በትልልቁ፣ ካርቶኑ እስኪሰረጉድ፣ ‘አለቃ’ ብዬ ጻፍኩ። ዞሬ ጭብጨባ ጠበቅኩ።

የማንኪያ ድምፅ እንኳን ቆመ። ሻይ አፍዪዋ በሹክሹክታ፣ “እጅህን በቆረጠው! ቅደደው፣ ቶሎ ቅደደው!” አለችኝ። አልገባኝም። ሲገባኝ ሆዱ ከበሩ ቀድሞ ገብቶ ነበር።

አለቃው ካርቶኑ ፊት ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

“ማነው ይሄን የሞላው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ። ይሄን ብያለሁ፤ ይሄ ብቻ ነው የምኮራበት።

“አንተ? ትናንት ሀ ሁ ያልከው?” ሳቀ። “አንተማ የሰው እጅ ነህ። የሠራውን ነው የምፈልገው።”

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፤ አጠገቡ የመጋዘኑን መዝገብ። የእጅ ጽሑፉ ይተያይ ተባለ። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ያ ጠረጴዛ እየደበደበ የሚስቀው መካኒክ! ጉሮሮውን ጠረገና፣ “የጸሐፊዋ እጅ ነው። እኛማ ሠራተኛ ማሳደም ነው ብለን ስንቃወም ነበር” አለ። ስንቃወም! እንባው እስኪፈስ የሳቀ አፍ! ዛሬም ያቺን ቃል ሳስባት ጥርሴን አፋጫለሁ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አለቃው ራሱ ጠበቃ ሆነልኝ። “እሱ ያልነቃ ነው፤ የሚጽፈውን አያውቅም፣ መሣሪያ አድርጋው ነው” አለ። “አይደለም እንዴ?” ብሎ ዓይኔ ውስጥ አየ።

አውቅ ነበር። ያስተማረችኝ እንዳውቅ ነው። ‘አንብቤ፣ አስቤ፣ በራሴ ነው የጻፍኩት፤ እሷ ባዶ ነበር የተወችው’ ማለት ነበረብኝ። ባዶ ካርቶን ማንንም አይከስስም ነበር፤ የከሰሳት የኔ ሦስት ፊደል ነው። እኔ ግን እንጀራዬን ፈራሁ። አንገቴን ደፋሁ፤ “አዎ” አልኩ። ፊደል በቆጠርኩ ሳምንት መሃይም ነኝ ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። እሷ ከወዲያ ማዶ ተቀምጣ አየችኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። ምናለ በሆነ።

በዚያው ሳምንት ተባረረች። በር ላይ ጠበቅኳት። ዕቃዋ አንዲት ዘንቢል አልሞላም። ትመታኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ በጥፊ ብትለኝ ዛሬ ይሄን አልነግርህም ነበር። እሷ የታጠፈ ካርቶን አውጥታ ሰጠችኝ።

“የመጨረሻው ነው። ለአንተ ብቻ።”

“እትዬ…” አልኩ።

“ባዶ አትተው ያልኩህ እኔ ነኝ አይደል? ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው። በል ሂድ፣ ደወሉ ሳያልፍህ።”

ደወሉ ጮኸ። ገባሁ። አየህ፣ ያን ቀንም ገባሁ።

ካርቶኑን በአንድ እሁድ ጨረስኩት፤ ቀላል ቀላሉን ነበር የሰጠችኝ። ሁሉም በኔ ላይ ነው፤ በጫማዬ፣ በአበላሌ፣ በዚያ በተኛው ግመሌ ጭምር። ብቻዬን አስቃኛለች። አንድ መስመር ቀረ። “ሳይጠየቅ የተሰጠ፤ አራት ፊደል።” መልሱን ወዲያው አወቅኩት። ይቅርታ ነው። አልሞላሁትም። ያልጠየቅኩትን እንዴት ብዬ ልውሰድ? ሄጄ ጠይቄ፣ እፊቷ እሞላዋለሁ አልኩ። ዘንድሮ፣ ለከርሞ እያልኩ ካርቶኑ ከቤት ቤት አብሮኝ ዞረ።

ባለፈው ወር አለቃው ሞተና ሰበታ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ‘ሠራተኛ ወዳድ’፣ ‘አባት’ ሲባል ሰማሁ። መካኒኩ ምርኩዙን ይዞ ከፊት ተቀምጧል፤ አንገቱን ይነቀንቃል። ሲያየኝ፣ “ያ የሻይ ቤቱ ጨዋታ ትዝ ይልሃል? እንዴት ነበር የምንስቀው!” አለኝ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ እንጃ። “አንተ ሳቅህ፤ እሷ ተባረረች” አልኩት። ሰው ዞሮ አየኝ። “የቷ?” አለ። የቷ! ረስቷታል! ብድግ ብዬ ወጣሁ። ያቺ ሻይ አፍዪ፣ እርጅና አጉብጧት፣ ተከትላኝ ወጥታ ነው ጸሐፊዋ ሱሉልታ ትኖራለች ስትባል ሰምቻለሁ ያለችኝ፤ ሰፈሩንም ነገረችኝ።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን በጃኬቴ ኪስ ይዤ ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሱሉልታ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ሯጮች እንፋሎት እየተነፈሱ በአጠገቤ አለፉ። የተባለው ግቢ ደርሼ አንኳኳሁ። አንዲት ጎረቤት ወጥታ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።

“አካም ጅርቱ ኦቦ። ማንን ፈልገው ነው?”

ነገርኳት። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

“ዘመድ ነዎት?”

“ተማሪያቸው ነበርኩ።”

“ውይ ኦቦ… እሳቸውማ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። አልሰሙም?”

አልሰማሁም። ይግቡ፣ ትንሽ ይረፉ አለችኝ፤ አልገባሁም። ቆሎውን የገዛሁት ከዚያ ስመለስ፣ ሚኒባስ ስጠብቅ ነው።

ሚኒባሱ እንጦጦን ሲያያዘው የጋዜጣውን ቅዳጅ አጥፌ ካርቶኑን አወጣሁ። ካርቶኑ አርጅቶ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ከረዳቱ እርሳስ ለመንኩ፤ “አባባ፣ ምን ሊጽፉ ነው?” እያለ ሰጠኝ። መኪናው እያንገጫገጨኝ አራቱን ሳጥኖች አንድ በአንድ ሞላሁ፤ ይ፣ ቅ፣ ር፣ ታ። ‘ቅ’ው ተንጋደደብኝ። የተኛ ግመል።

ቀና አልኩ። በቀይ የሚያርምልኝ ሰው አልነበረም።