የአያቴ በርጩማ

ዛሬ አረካ ከተማ ለማዘጋጀው የሥዕል ሥልጠና ተማሪዎች ከየቤታቸው አሮጌ ዕቃ ተሸክመው ሲገቡ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ዲምቱ ከተማ ስንማር ከአዲስ አበባ አንድ ሠዓሊ ዐውደ ርእይ ሊያዘጋጅ መጥቶ ነበር። «ለዐውደ ርእዩ ከቤት አሮጌ ዕቃ አምጡ» ሲለን፣ በመቀመጥ ብዛት ያብለጨለጨውን የአያቴን በርጩማ ሳላስፈቅድ ወሰድኩ። ሠዓሊው ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጠፈበት።

በመክፈቻው ዕለት አያቴ በላብ ተጠምቆ መጣ። በርጩማውን ሲያይ ሄዶ ተቀመጠበት። ሠዓሊው «አባባ፣ እባክዎ ይነሱ!» እያለ ሲለምነው የወረዳው እንግዶች ገቡ። አንደኛው፣ አያቴ የትርኢቱ አካል መስሎት፣ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ደክሞኛል» አለ አያቴ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አያቴ ግን ወደ እኔ ዞሮ በወላይትኛ፣ «አንቺ፣ ቤት እንገናኛለን!» አለኝ።

እስከ ዛሬ ሰው ሲያጨበጭብ መጀመሪያ የሚሰማኝ ፍርሃት ነው።