ያነሳሁት ክራንች

እግሬን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አንቺን? አንቺን ደግሞ እንዴት ያስሩሻል?» ይለኛል፣ ዓይኑ ከፊቴ ወርዶ ቀሚሴ ሥር ያለውን ብረት እየፈለገ። መልሴም አንድ ነው። የታሰርኩት በእግሬ ምክንያት አይደለም፣ በእጄ ባደረግኩት ነው። እጄ ደግሞ ምንም አልጎደለውም፤ እንዲያውም ከብዙ ሰው እጅ ይበረታል። ሠላሳ ዓመት ክራንች የጨበጠ፣ ቀኑን ሙሉ መቀስ ሲይዝና ጨርቅ ሲጎትት የሚውል የልብስ ሰፊ እጅ ነው።

የወሎ ልጅ ነኝ። ፖሊዮ የያዘኝ ገና ድክ ድክ ስል ነው፤ እናቴ አዝላኝ አዲስ አበባ መጣች። ዛሬ ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ የራሴ ስፌት ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ስፌቴን ይወዱታል፣ አፌን ይፈሩታል። ጨርቁን ዛሬ አምጥቶ «ለነገ አድርሺልኝ» የሚለኝን ሰው እስከ በር የምሸኘው በስድብ ነው። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም። ቁጣዬን የማያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ስለማያምነኝ ነው።

ጉርድ ሾላ ላይ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሲሠራ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ሰፊ ነው፣ ጉድጓድ የለውም፣ መብራቱ ያምራል። ከጎኑ ደግሞ ለብስክሌት ብቻ ቀለም የተቀባ መስመር አለው። የእግረኛው ንጣፍ ግን መጋጠሚያው ላይ የክራንቼን ጫፍ ይይዝብኛል፤ የብስክሌቱ መስመር ልስልስ ያለ ነው። ስለዚህ በብስክሌቱ መስመር መሄድ ለመድኩ። የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምልክቱ መሬቱ ላይ ተስሏል፣ ዓይኔም ደህና ነው።

አብዛኞቹ ብስክሌተኞች ይታገሱኝ ነበር። አንዱ ግን ሽው ብሎ ሲያልፍ ቦርሳዬን መትቶ ጣለው፣ ዞር ብሎም አላየኝ። የገዛሁት ክር ሁሉ መንገድ ላይ ተበተነ። ሱቄ ገብቼ ለአንዲት ደንበኛዬ «ወላሂ የሚቀጥለውን አሳየዋለሁ!» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።

የሚቀጥለው በሳምንቱ መጣ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ዚፕና ቁልፍ ገዝቼ እየተመለስኩ ነበር። ከኋላዬ ደወል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰማሁ። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ብሄድ ያልፈኝ ነበር፤ አንድ እርምጃ ደግሞ አያቅተኝም። አልሄድኩም። በግራ ክራንቼ ተደግፌ ዞርኩና የቀኙን አንስቼ ደረቱ ትይዩ ዘረጋሁበት። «ወዴት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አልነካኝም። ክራንቹን ሲያይ መሪውን ወደ አስፋልቱ ጠመዘዘ፣ ጎማው የመንገዱን ጠርዝ መታና ብስክሌቱ ከነሰውየው መኪና መንገድ ላይ ወደቀ። ከኋላ ይመጣ የነበረ ሚኒባስ ፍሬን ቢይዝም ሳይቆም ገጨው። እኔም ክራንቼን ባነሳሁበት ጉልበት ሚዛኔን ስቼ እዚያው በጎኔ ወደቅኩ።

ሰው ሲሮጥ መጣ። መጀመሪያ ያነሱት እኔን ነው። ወጣቱ ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቆ ተዘርግቶ፣ አራት ሰው የእኔን ቀሚስ አቧራ ያራግፍ ነበር። አንዲት ሴትዮ ውሃ አጠጣችኝ። እዚያ መንገድ ዳር የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ፣ ነገሩን ሳያይ እንዳየ ሆኖ፣ ለመጣው ትራፊክ ፖሊስ አስረዳ።

«ገጭቷት ነው። ምስኪን፣ አካል ጉዳተኛ እንኳ አያዩም እኮ! እንደ እብድ ነው የሚነዱት።»

የከበበው ሁሉ «አዎ፣ አዎ» አለ። አንዱም አላየም፤ ሁሉም ግን ክራንቹን አይቶ ፈርዷል። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ «እንደዚህ ነው፣ እናቴ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። በሕይወቴ ሰው ሲያዝንልኝ ደሜ ይፈላል፤ «ምስኪን» ያለኝን ሁሉ መልስ ሰጥቼ ነው የማልፈው። የዚያን ቀን ግን ምስኪንነቱን ተቀበልኩት።

ወጣቱ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ጉርድ ሾላ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ እየሠራ ከእናቱ ጋር ቡልቡላ ይኖር ነበር። ይህን ሁሉ የነገረኝ ያው የመኪና ማቆሚያ ጠባቂው ሰውዬ ነው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ። ጎረቤቶቼ «እንኳን ተረፍሽ» እያሉ ብርቱካን ይዘው መጡ። ብርቱካኑን በላሁት። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የዕድራችን ዳኛ ሱቄ ድረስ መጡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው። «መዝገቡ ሊዘጋ ነው፤ ጥፋቱ የልጁ ነው ተብሏል» አሉኝ። «ቢሆንም የሰው ነፍስ አጠገብሽ ጠፍቷል። ሦስት ሽማግሌ ይዘን እናቱን እናስተዛዝን፣ ቂም እንዳይኖር።»

«ድንጋይ እሸከማለሁ» አልኳቸው።

በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ለእርቅ ሲሄድ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። በራፍ ላይ ያጎነብሳል፣ በደሉን በገዛ አፉ ይናገራል፣ የሟች ወገን «አውርድ» ካላሉት አያወርድም። ልጅ ሆኜ አጎቴ ለአንድ ሰው ሲሸመግሉ አይቻለሁ።

የዕድሩ ዳኛ ሳቁ። «ድንጋይ የበዳይ ነው። አንቺ ተበዳይ ነሽ። ደግሞስ ሁለቱም እጅሽ ክራንች ይዞ በምንሽ ልትሸከሚው ነው?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት» አልኩ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሕንፃ ይሠራል። ከክምሩ አንድ ደህና የሚከብድ ድንጋይ መረጥኩ። ቡልቡላ ደርሰን ከታክሲ ስንወርድ ድንጋዩን ጀርባዬ ላይ አስደርጌ በነጠላዬ ልክ እንደ ልጅ አዘልኩት፣ ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ይቺ ሴትዮ አበዛችው» ሲል አንደኛውን ሰምቼዋለሁ።

ቤቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ብስክሌቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ የፊት ጎማው ታጥፏል። እናቱ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። በራፉ ላይ አጎነበስኩ። ድንጋዩን ሲያዩ ወደ ዕድሩ ዳኛ ዞሩ።

«ይሄ ምንድን ነው? የተገጨችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

እኔ ተናገርኩ።

«አልገጨኝም፣ እናቴ። ልጅዎ በራሱ መንገድ ነበር የሚሄደው። እኔ ነበርኩ በእሱ መንገድ ላይ። መሄጃ መስጠት እየቻልኩ ተናድጄ ክራንቼን አነሳሁበት። እኔን ላለመምታት ብሎ ነው የወደቀው። ለፖሊስ ዋሽቻለሁ።»

ጀርባዬ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ደወሉን ደውሎ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ደውሏል።»

«ደውሏል!» አሉና ያን ጊዜ አለቀሱ። «ሳምንቱን ሙሉ ለቅሶ የመጣው ሰው ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‘እግዜር ይቅር ይበለው’ ይሉኛል። አካል ጉዳተኛ ገጭቶ ሞተ ብለው! ልጄን ጮክ ብዬ ማልቀስ አፈርኩ እኮ። ገና በልጅነቱ ጉንዳን እንዳይረግጥ እየዘለለ የሚያልፍ ልጅ ነበር።»

ተነስተው መጡ። ነጠላዬን የቋጠርኩበትን ራሳቸው ፈቱት፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደጃፉ ላይ አኖሩት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን ይሄን የነገርሽኝን ሄደሽ ለጻፉት ሰዎች ንገሪ። የልጄ ስም እንዲህ ሆኖ እንዳይቀር።»

ስንመለስ የዕድሩ ዳኛ ታክሲው ውስጥ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ይቅር ብላሻለች፣ አለቀ። የእርቅ ቤት ወሬ ፍርድ ቤት አይሄድም። ብትናገሪ ያስሩሻል፤ አንቺ ደግሞ እስር ቤት አትችይም» አሉኝ። በደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ደግነት ነው ሰውየው ወድቆ እያለ እኔን መጀመሪያ ያነሳኝ። «እችላለሁ» አልኳቸው።

ጥፋተኛ መሆን እንዲህ ያስቸግራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መርማሪው ቃሌን ልቀይር መጣሁ ስለው ወንበር ሳበልኝ። «የሟች ቤተሰቦች አስፈራርተውሽ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩ። «ሐዘኑ ከብዶሽ ይሆናል፣ ትንሽ ዕረፊ» ብሎ ሸኘኝ። በሦስተኛው ጊዜ ጠረጴዛውን በክራንቼ መታሁት። «እንዲህ አድርጌ ነው ያነሳሁበት! አሁን ጻፍ!» ስለው ነው ብዕሩን ያነሳው።

በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰስኩ። መንግሥት ያቆመልኝ ጠበቃ ቀና ወጣት ነበር። «ብረቱ እንዲታይ አጭር ቀሚስ ይልበሱ፤ ካለቀሱም ጥሩ ነው» ሲል መከረኝ። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ መሬት የሚጠርግ ረጅም ቀሚስ ሰፋሁ። ለፍርድ ቤት የተሰፋ ልብስ ያለኝ ሴት ነኝ፤ እንዲያውም ከሰፋኋቸው ሁሉ እሱ ያምራል።

ጠበቃው «እስር ቤት ለእርስዎ ዓይነት ሰው አልተሠራም» ያለውን ግን በኋላ፣ ተፈርዶብኝ ስገባ፣ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ሽንት ቤቱ ሁለት ደረጃ ነበረው፣ መያዣ አልነበረውም። አብረውኝ የታሰሩ ሴቶች ተሸክመው ሲያወጡኝ ከረሙ፤ እኔም ኃላፊዋን ባየኋት ቁጥር እየጨቀጨቅሁ በአራተኛው ወር መያዣ ብረት አስተከልኩ። ያ ግፍ ነበር፣ ግፍ ነው ብዬ እናገራለሁ። መፍትሔው ግን ደረጃውን ማስተካከል ነው። ሰው ያጠፋሁትን እንዳላጠፋሁ ቢቆጥርልኝ፣ ሰው ነሽ አላለኝም ማለት ነው። እናቴ ከወሎ ያን ያህል መንገድ ያዘለችኝ ለዚህ አይደለም።

የፍርዱ ቀን የሟች እናት የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከእኔ ጋር መታረቃቸውን የሚገልጸውን ወረቀት ፈርመው ሰጥተዋል። እኔ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ነበርኩ። ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ክራንቾቼን ውጪ አስደግፌ መከታውን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ዳኛዋ ረጅሙን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። መሀል ላይ «ሟች ለብስክሌት በተፈቀደ መስመር ላይ ደወል እያሰማ ይጓዝ የነበረ በመሆኑ ምንም ጥፋት የለበትም» የሚል ደረሱ።

እናትየዋ ብድግ አሉ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ይቺን ይድገሙልኝ።»

ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ሊያስቀምጣቸው ሄደ። ዳኛዋ በእጃቸው አስቆሙት፤ ወደ ወረቀቱ ተመለሱና ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ አሁን ቀስ ብለው፣ እንደገና አነበቡት። እናትየዋ በከንፈራቸው እየተከተሉ አዳመጡና ተቀመጡ።

ከዚያ የእኔ መጣ። እግሬም እርቁም ቅጣት ማቅለያ ሆነው ተቆጠሩልኝ፤ ለፖሊስ በመዋሸቴ ግን ቅጣቱ በገደብ ይሁንልኝ የሚለው የጠበቃዬ ጥያቄ አልተፈቀደም። አንድ ዓመት ከሁለት ወር። ከኋላዬ ጎረቤቶቼ «ኧረ በአላህ! ኧረ እግዚኦ!» ሲሉ ሰማሁ። ፈራሁ፤ አልዋሽም፣ በጣም ነው የፈራሁት።

ሴቷ ፖሊስ ክንዴን ይዛ «ክራንቿን አቀብሏት» አለች። ከጎረቤቶቼ አንዱም ሳይንቀሳቀስ የሟች እናት ተነስተው ሄደው ሁለቱንም አነሷቸው። አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«የትኛው ነው?» አሉኝ።

«የቀኙ» አልኳቸው።

መጀመሪያ የግራውን ሰጡኝ። የቀኙን ይዘው ትንሽ ቆዩ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ያለቀ ጎማ በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ራሳቸው ብብቴ ሥር አስገቡልኝ።

«በደንብ ያዢው» አሉኝ። «ውጪ ደረጃ አለ።»